በር ተዘግቶ የሚወራ ቋንቋ

ኮሮና የገባ ሰሞን የምሠራበት ኤርፖርት ሺፍቴን ሲቀንስብኝ አሜሪካ፣ ጋሃና የምትባል ከተማ ያለው ቤቴ ጠበበኝ። ቁጭ ማለት አቃተኝ። ከሳሎን ኩሽና እየተመላለስኩ በስልኬ አይሪሽ፣ የአየርላንዶችን ቋንቋ፣ መማር ጀመርኩ፤ አጥር የምትጋራኝን አሮጊት በእናቷ ቋንቋ ሰላም ልላት ብዬ ነው። "ደህና አደርሽ" እና "ውሃ" የሚሉትን ቃላት አልፌ አንድ ቀን ስልኩ ከጉሮሮ የሚወጣ "ኽ" ያለበት ቃል አሰማኝ። ስደግመው ባለሁበት ቀጥ አልኩ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ።

አዲስ አበባ ቤታችን ነኝ፤ ሰባት ዓመቴ ነው። አክስቴ ከጉራጌ አገር ቆጮ ይዛ መጥታለች። እናቴ መኝታ ቤቱን ዘግታ ከእህቷ ጋር በቋንቋቸው ታወራለች። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌያለሁ። እናቴ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። እኔም "ኽ፣ ኽ" እያልኩ ስሞክር በሩ ተከፈተና እናቴ ቆጮ ቆጮ በሚሸት እጇ አፌን ያዘችኝ።

"ተይ! ትምህርት ቤት እንዳትዪው። እኔ የተሳቀብኝ ይበቃል።"

ማን እንደሳቀባት አልገባኝም። አልጠየቅኋትምም።

"ማሚ፣ ዋይ አይሪሽ?" ስልኬን ይዤ እንደቆምኩ አለችኝ ልጄ ከሶፋው ላይ። "ዋይ ኖት ግራንድማስ?"

የአያቴን ቋንቋ ለምን አትማሪም ማለቷ ነው። ሳሎኑን ሁለቴ ዞርኩና አዲስ አበባ ደወልኩ።

"እማዬ፣ ደህና አደርሽ በጉራጊኛ እንዴት ነው የሚባለው?"

አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ከእሷ ሌላ ሰው የለም።

"ቆይ" አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "መጀመሪያ በሩን ልዝጋው።"