ሕመሙ የለቀቀኝ ዕለት

ይህ ነገር የገጠመኝ የዛሬ አምስት ዓመት ጥቅምት ላይ፣ እዚሁ መካነ ሰላም ነው። ጠዋት ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ዳገቱን በሁለት እግሬ ስወጣ ሁሌም ትዝ ይለኛል። ሳላመሰግን የወጣሁበት ቀን ቢኖር፣ ዝናብ ጥሎ ጭቃው ያናደደኝ ቀን ብቻ ነው።

ታሪኩ ከአንድ የኢንዶኔዥያ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች ጋር የተያያዘ ነው። «አንተ ደግሞ እሱን የት አውቀኸው?» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ሁሉም እንደዚያ ይለኛል።

ታላቅ እህቴ ዘይነባ ያኔ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ሲቲ የምትባል ኢንዶኔዥያዊት አብራት ትሠራለች። የሚግባቡት እዚያው በለመዱት ዐረብኛ ነው። የሲቲ ታናሽ ወንድም ዳርማን ለአገሩ ብሔራዊ ቡድን በግራ መስመር ተከላካይነት ይጫወታል። ዘይነባ ይህን ስትነግረኝ አላመንኳትም። የብሔራዊ ቡድን ተጫዋች እህት የሰው ዕቃ ታጥባለች? በኋላ እንደገባኝ፣ ልጁ ሎምቦክ ከምትባል ደሴት፣ ከሩዝ ገበሬ ቤት የወጣ ነው። የመጀመሪያውን የኳስ ጫማ የላከችለት ሲቲ ናት። ብሔራዊ ቡድን የገባውም ገና በዚያው ዓመት ነበር።

እኔም ግራኝ ስለሆንኩ ወደድኩት። በተጠራ ቁጥር ተቀያሪ ወንበር ላይ ሲቀመጥ አብሬው እናደድ ነበር። አንድ ቀን ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ገባ፤ በስልኬ እያየሁ የጮህኩት ጩኸት ጎረቤት አስደነገጠ። ዘይነባ የሱ ስም ያለበትን ቀይ ማሊያ ወደ አገር በምትገባ ጓደኛዋ እጅ ላከችልኝ። ከዚያ ወዲህ የከተማው ሰው ሰይድ የሚለውን ስሜን ትቶ «ኢንዶኔዥያ» ይለኝ ጀመር። እሱ ካልሲውን እስከ ጉልበቱ ስለሚስብ እኔም እስብ ነበር። ለምን እንደሚስበው ግን አላውቅም ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት ከከላላ ከመጣ ቡድን ጋር ስንጫወት፣ እኔና የነሱ አጥቂ አንዲት ኳስ ላይ እኩል ገባን። እሱ ኳሷን አገኘ፤ እኔ ቅልጥሜን ተሰበርኩ። ቀጭ ሲል ሜዳ ዳር የቆመው ሁሉ ሰምቶታል።

ሆስፒታሉ ሩቅ አልነበረም። እኛ ዘንድ ግን ሰው ሲሰበር መጀመሪያ የሚታሰበው ወጌሻ ነው። አያ ደምሴ የአገሩን ግማሽ ሰው የጠገኑ፣ ሳንቲም የማይጠይቁ አዛውንት ናቸው። የሟች አባቴን ክንድ ያዳኑት እሳቸው ናቸው። በበቅሏቸው መጡና ቅልጥሜን ስበው አስተካከሉት። ከዚያ ቀርከሃ ዙሪያውን ደርድረው በጠፍር ጥብቅ አድርገው አሰሩት።

«ያመዋል፤ ሲይዘው ነው የሚያመው» አሏት እናቴን። «እኔ መጥቼ እስክፈታው ማንም እንዳይነካው፤ አደራ።» ይህን ብለው ከከተማው ወጣ ያለ ሰፈር ወዳለ ሌላ ሕመምተኛ ሄዱ።

እውነትም አመመኝ። ጋቢዬን ነክሼ ዝም አልኩ። ጎረቤቱ እየገባ «አፊያ ያርግህ» ሲለኝ፣ እናቴ «እንባ እንኳ አልወጣውም» እያለች ትኮራብኛለች። እኔም እሷ ስትኮራ ጭራሽ ጀግና ሆንኩ።

ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ሕመሙ ቀለል አለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጨርሶ ጠፋ። እግሬ የሌላ ሰው እግር መስሎ አጠገቤ ተጋድሟል።

«እማ፣ ለቀቀኝ!» አልኳት።

«አልሃምዱሊላህ! የአያ ደምሴ እጅ እኮ ነው!» አለችና ሁለት እጇን ዘርግታ ዱዓ አደረገች። ቤቱ የሠርግ ቤት መሰለ። እኔም ርቦኝ ቂንጬ አምጡልኝ አልኩ።

በዚህ መሀል ዘይነባ በቪዲዮ ደወለች። ወሬው ደርሷት ኖሮ ፊቷ ተለዋውጧል።

«አብሽሪ ልጄ፣ አሁንማ ጭራሽ አይሰማውም» አለቻት እናቴ።

ዘይነባ እፎይ ብላ ዞረችና ለሲቲ በዐረብኛ ነገረቻት። ወዲያው ከኋላዋ አንድ ዕቃ ሲወድቅ ሰማን። ከዚያ የሲቲ ጩኸት መጣ።

«ሰይድ፣ ጣቶችህን አንቀሳቅስ ትልሃለች» አለች ዘይነባ።

ሞከርኩ። አልተንቀሳቀሱም። እናቴ ጣቶቼን ነካችና እጇን ቶሎ ሰበሰበች። ቀዝቅዘዋል፤ ቀለማቸውም ጠቁሯል። እኔ ስትነካኝ አልታወቀኝም።

ሲቲ ስልኩን እንዳንዘጋው ለምና በራሷ ስልክ ወንድሟ ዘንድ ደወለች። ሁለቱን ስልኮች ፊት ለፊት አድርጋ ያዘቻቸው። እንዲህ ሆኖ ያ በጨዋታ ብቻ የማውቀው ዳርማን ቤታችን ገባ። ከቡድኑ ጋር ሆቴል ውስጥ ነበር። እሱ በአገሩ ቋንቋ ይናገራል፣ ሲቲ በዐረብኛ ለዘይነባ ትነግራታለች፣ ዘይነባ በአማርኛ ለእኛ።

እናቴ እግሬን አሳየችው። ሰላምታ እንኳ አልሰጠም።

«ፍቱት ይላል!» አለች ዘይነባ። «አሁኑኑ ፈታችሁ ሆስፒታል ውሰዱት። ደሙ ታንቋል፤ ሕመሙ የጠፋው እግሩ እየሞተ ስለሆነ ነው ይላል።»

«አያ ደምሴ ሳያዩትማ አይሆንም» አልኩ እኔ። ፈርቻለሁ፤ ግን ያለ እሳቸው ከተፈታ አጥንቱ ተወላግዶ ይቀራል ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት። ደግሞስ ባለውለታችንን እንዴት እናዋርዳለን? እናቴም በሯን በሯን ታያለች።

ያኔ ዳርማን ጎንበስ አለና ካልሲውን ወደ ታች ገፈፈው። ከጉልበቱ ሥር እስከ ቁርጭምጭሚቱ የወረደ ትልቅ ጠባሳ አሳየን።

«አሥራ አራት ዓመቴ ላይ ተሰብሬ ነበር» አለ። «ሰፈራችን ውስጥ በቀርከሃ የሚያስር ደግ ሽማግሌ ነበር። ሕመሙ ሲለቀኝ እናቴም እንደ አንቺ አመስግናለች። አባቴ ሽማግሌው ሳይመጣ አይፈታም አለ። አንዲት ልጅ ተደብቃ ገብታ በማጭድ ቆረጠችው። አባቴ ደፈረችን ብሎ ደበደባት። ሐኪሞቹ ግን ትንሽ ብትዘገዩ እግሩን እንቆርጠው ነበር አሉን።»

ቀጥሎ አንድ ነገር ተናገረ፤ ሲቲ ግን ሳትተረጉም ዝም አለች። ዘይነባ «ምን አለ? ምን አለ?» ትላታለች። ዳርማን ደግሞ ያንኑ ደገመው። በመጨረሻ ሲቲ ተናገረች።

«ያቺ ልጅ እኔ ነኝ ትላለች» አለችን ዘይነባ፤ እሷም ማልቀስ ጀመረች።

እናቴ ተነሳች። «እማ፣ እባክሽ እሳቸው ይምጡ» ስላት «ዝም በል! ቢቆጡ እኔን ይቆጡኝ!» አለችና የጓዳ ቢላዋ ይዛ መጣች። ጠፍሩን በሦስት ቦታ ቆረጠችው።

ጥቂት ቆይቶ ሕመሙ ተመለሰ። ጠዋት የነበረው ቀልድ ነበር። ጀግንነቴ ሁሉ ጠፍቶ እንደ ሕፃን ጮህኩ። እኔ ስጮህ ሲቲ በጅዳ ታጨበጭባለች፣ ዳርማን በኢንዶኔዥያ ይስቃል፣ እናቴ ታለቅሳለች። በሕይወቴ ስቃዬ ሰውን እንዲህ ሲያስደስት ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

በቃሬዛ ስንወጣ አያ ደምሴ ደጅ ላይ ገጠሙን። እናቴ ቢላዋውን አልጣለችም ነበር፤ ስታያቸው ከኋላዋ ደበቀችው። እሳቸው ጎንበስ ብለው ጣቶቼን ዳሰሱ።

«ደግ አደረግሽ» አሏት። «አጥብቄዋለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ቶሎ ውሰዱት።» እንደዚያ ብለው በቅሏቸውን ትተው በእግራቸው ሆስፒታል ድረስ ሸኙኝ።

ሐኪሙ በሰዓቱ ደርሳችኋል አለን። ወደ ደሴ ተልኬ ቅልጥሜን ከፍተው አከሙት። እኔም እንደ ዳርማን ረጅም ጠባሳ አለኝ፤ የግራ እግሬ ሁለት ጣቶች ዛሬም በደንብ አይታዘዙኝም። ኳስ መጫወት አቆምኩ። መራመድ ግን አላቆምኩም። አያ ደምሴ እስካሁን ይጠግናሉ፤ አላልቶ ማሰርና የታሰረውን ሰው ጣት ደጋግሞ ማየት ግን ልማዳቸው ሆኗል። ትንሽ ከተጠራጠሩ «ሆስፒታል ይሂድ» ይላሉ።

ዳርማን ከዚያ በኋላ ለአገሩ ጥቂት ዓመት ተጫወተ። አንዴ በራሱ መረብ ላይ አስቆጥሮ አገሩ ሁሉ ሲሰድበው፣ የቀረሁት ደጋፊው እኔ ብቻ እስኪመስለኝ ተከራከርኩለት። ጉልበቱ እምቢ ሲለው ካለፈው ዓመት ጀምሮ ብሔራዊ ቡድኑን ትቶ፣ መንደሩ ተመልሶ ልጆች ያሠለጥናል።

እንደዳንኩ ለእሱ ረጅም የምስጋና መልእክት ጽፌ በዘይነባ በኩል ላክሁለት። የመለሰልኝ አጭር ነበር፤ «ለእኔ አይደለም። እኔ ሲቲ ስትደበደብ እያየሁ ዝም ያልኩ ሰው ነኝ። ስላዳነችኝ አንድ ቀን አመስግኛት አላውቅም ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን የከፈትኩት ያን ዕለት እናንተ ፊት ነው» አለኝ።

አፈርኩ። እኔም ለታዋቂው ሰው ስጽፍ ለእሷ አንዲት ቃል አልላክሁም ነበር። ያኑ ዕለት ለሲቲ የቻልኩትን ያህል ምስጋና ደርድሬ ላክሁላት። ዘይነባ መልሷን በስልክ ነገረችኝ።

«ምስጋናህን ሰማች። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችኝ» አለችኝ። «‹ጠፍሩን ስትቆርጥ እናቱን ማንም አልመታትም?› ነው ያለችው።»

«ማንም አልመታትም፤ ደግ አደረግሽ ነው የተባለችው በያት» አልኳት።

ዘይነባ ስትነግራት በስልኩ ውስጥ የሲቲን ድምፅ ሰማሁት። «አልሃምዱሊላህ» አለች፤ ይህን ማንም ሳይተረጉምልኝ ገባኝ። በሁለት እግሬ ቆሜ ነበር የሰማኋት፤ እንባዬ ዝም ብሎ ወረደ።