ሐውልቱ ጋ ይጠብቁኝ

ባለፈው ሰኞ ጠዋት የሆነውን ልንገራችሁማ... እስካሁን ልቤ ቦታው አልተመለሰም።

አክስቴ እትዬ አስካለ ዐይናቸውን ሊታከሙ ከጭሮ መጡ። ሐረርን ካዩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። እኔ ሐኪም ቤት ወረፋ ይዤላቸው ስለነበር በስልክ «ባጃጅ ይያዙና ሐውልቱ ጋ ይጠብቁኝ» አልኳቸው።

አደባባዩ ስደርስ የሉም። ስልካቸው ዝግ! ጥላ ጥላ ብቻ ነው እኮ የሚታያቸው... መኪናው ደግሞ ይተራመሳል።

አንዱን ባለባጃጅ «ከዘራ የያዙ እናት ሐውልቱን ሲጠይቁ አላየህም?» አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። «እማ፣ እኔ ስለ ሐውልት ምንም አላውቅም» ብሎ እብስ አለ።

ያኔ ነው ክው ያልኩት። ሐውልቱ እኮ ከተነሳ ቆይቷል! እኛ አፋችን ለምዶ ቦታውን ዛሬም «ሐውልቱ» እንላለን እንጂ... ሲነሳ ግን ስንቱ ተቀያይሟል፤ ዛሬም ወሬው ሲነሳ ሰው ይሳቀቃል።

ስባክን እትዬን አደባባዩ ዳር ካለው ባንክ በር፣ ከአንዲት ስፌት ሻጭ ጎን ዱካ ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ያለቅሳሉ።

«አለቀልኝ ልጄ! ዐይኔ ጠፋ! ባጃጁ "ሐውልቱ ጋ ደርሰናል" ብሎ አወረደኝ። እኚህም "እዚሁ ነዎት" ይሉኛል። ያን የሚያህል ነገር ፊቴ ቆሞ አላየው!»

«ወላሂ እኔ ቦታውን ነው ያልኳቸው!» አለች ሻጯ ደንግጣ።

«እትዬ፣ የለም እኮ! ከተነሳ ቆየ!»

ከዘራቸውን ወደ ባዶው ቦታ ቀሰሩ። «ለማንም አይታይም?»

«ለማንም!»

ብድግ ብለው... እልልልል! «የለም! ተመስገን፣ የለም!»

አደባባዩ በሙሉ ወደኛ ዞረ። አንድ ሽማግሌ ፊታቸው ጠቆረ። ማዶ የቆሙ ጎረምሶች ማጨብጨብ ጀመሩ። እኔ በነጠላዬ አፋቸውን ይዤ «ለዐይናቸው ነው! ለዐይናቸው ነው እናንተ!» እያልኩ ያገኘሁት ባጃጅ ውስጥ ከተትኳቸው።

ሐኪሙ «ሞራ ነው፣ ይገፈፋል» ሲለን ነው የተነፈስኩት።

ለቤተሰቡ ሁሉ «ከእንግዲህ ባንኩ በር እንጂ ሐውልቱ የሚል እንዳልሰማ!» ብዬ አስጠነቀቅኩ... ዛሬ ጠዋት ልጄን «የት ነሽ?» ብላት፣ «ባንኩ በር» አለችኝ። እኔው ነኝ «የትኛው ባንክ?... እ፣ ሐውልቱ ጋ ያለው?» ያልኩት።