ለጓደኛዬ ለይቼ የሰጠሁት ቅጂ

ጨዋታውን የሠራሁት ኮምፒውተር ሳይኖረኝ፣ በስልኬ ነው። ከሶዶ ተነስቶ አረካ የሚገባ ሚኒባስ ነው፤ ተጫዋቹ ይነዳል፣ ሰው ይጭናል፣ መንገድ ላይ የሚገቡ ከብቶችን ያሳልፋል። ኩርባዎቹን በግምት ማስገባት ስላልፈለግሁ ሁለት ጊዜ ተሳፍሬ፣ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጬ፣ እየቆጠርኩ ጽፌያቸዋለሁ። ረዳቱ የት ቦታ ላይ በሩን እንደሚመታ እንኳ አልተውኩም። ኮድ መጻፍ ያስተማረኝ ሰው የለም። ስሳሳት ቆይቼ፣ ስህተቱን ፈልጌ፣ እንደገና ስጽፍ ነው የተማርኩት።

መናኸሪያው አጠገብ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ ፊልም፣ ዘፈንና ጨዋታ ስልክ ላይ የሚጭን ጓደኛ አለኝ። በጥቂት ዓመታት ይበልጠኛል። በእኛ ከተማ ዳታ አቃጥሎ ጨዋታ ከኢንተርኔት የሚያወርድ ብዙ አይደለም፤ አንዱ ከሌላው ስልክ ይቀበላል፣ ወይም እንደሱ ያለ ሰው ጋ ሄዶ ያስጭናል። የእኔንም ጨዋታ ለሰው ያደረሰው እሱ ነው። ወደ ጎረቤታችን ከተማ ወደ በዴሳ ሄጄ ሞተረኞች ተሳፋሪ እስኪመጣ ሲጫወቱት ያየሁ ቀን፣ እኔ ነኝ የሠራሁት ሳልላቸው ቆሜ አይቼ አልፌያለሁ።

እኛ ግቢ ተከራይታ የምትኖር፣ ከጎንደር ተመድባ የመጣች ነርስ አለች። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ በሩ ላይ አስቆመችኝና ስልኳን ሰጠችኝ። ስክሪኑን የውርርድ ማስታወቂያ ሞልቶታል።

"ያንተን ጨዋታ ካስጫንኩ ወዲህ ነው" አለች። "ልጄ ስትከፍተው ቁማር ይመጣባታል። አንተ ነህ ያስገባኸው?"

አይደለሁም አልኳት። አመነችኝ ለማለት አልችልም። የጨዋታውን ፈቃዶች ከፍቼ አየሁ። በሌሎች አፖች ላይ እንዲታይ ተፈቅዶለታል፤ መልእክት እንዲያነብም ተፈቅዶለታል። እኔ ኮዱ ውስጥ እንዲህ ያለ መስመር አልጻፍኩም። ጨዋታውን ያስጫነችው ጓደኛዬ ጋ ነው። በእኔና በእሷ መካከል የእሱ እጅ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እሱን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ሰሞኑን ላፕቶፕ ቀይሯል። ስገባ አንድ ጊዜ ክዳኑን ዝቅ አድርጎታል። ማስታወቂያ የሚያስገቡ ሰዎች እንደሚከፈላቸው አውቃለሁ። ልጠይቀው ስንት ጊዜ ሄጄ፣ አጠገቡ ተቀምጬ፣ ስለ ኳስ አውርቶልኝ ተመልሻለሁ። የምቀመጠው ስክሪኑ የሚታይበት ጎን ነበር።

በመጨረሻ ሁለት ቅጂ ሠራሁ። በአንዱ የሚኒባሱ ጎን ላይ ሁለት ነጭ መስመር ሳልኩ፤ ይህን ፍሬኑን አስተካክያለሁ ብዬ ለእሱ ሰጠሁት። በሌላው አንድ መስመር ብቻ አደረግሁና በዴሳ ለምታስተምረው እህቴ ከስልኬ በቀጥታ ላክሁላት። ለማንም እንዳትሰጪ፣ ማንም እንዳይነካው አልኳት። የእሷ ንጹሕ ሆኖ ከእሱ የወጣው ከተበላሸ፣ ነገሩ አለቀ።

ቅዳሜ እህቴ ከበዴሳ መጣች። ገና ሳትቀመጥ ስልኳን አወጣች። ያው የውርርድ ማስታወቂያ ነው። ፈቃዶቹን አየሁ፤ ያው ናቸው። ማስታወቂያው የጀመራት ገና በዴሳ እያለች እንደሆነ፣ መናኸሪያ ስትወርድም ለጓደኛዬ አሳይታው እንደነበር፣ እሱም ጨዋታውን ከፍቶ ብዙ ካየው በኋላ ወንድምሽን ጠይቂው እንዳላት ነገረችኝ።

የእሷን ቅጂ ከእኔ በቀር የነካው የለም። ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ጀምሬ አሰብኩ። ጨዋታውን የሠራሁበትን አፕ ራሱን የወሰድኩት ፀጉር ቤት ወረፋ ስጠብቅ ካገኘሁት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስልክ ነው። በገንዘብ የሚሸጥ የነበረውን አንድ ሰው ቁልፉን ሰብሮ በነጻ ያሠራጨው ነበር። ዳታ ስለማያስፈልገው ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ያወጣሁትን ጨዋታ ሁሉ የሚበክለው ያ አፕ ነው። እኔ ጨዋታውን የምሞክረው እዚያው አፑ ውስጥ ስለነበር ስልኬ ላይ ጭኜው አላውቅም። የሁሉን እጅ መርምሬ ያን አፕ አልመረመርኩም።

ዕለቱን ወደ ጓደኛዬ ሄድኩ። ፊልም እየገለበጠ ነበር፤ ቀና አላለም።

"የእህትህ ሚኒባስ አንድ መስመር አለው፣ የኔ ሁለት" አለ። "ፍሬኑ ደግሞ እንደ ድሮው ነው።"

ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ልትይዘኝ ነበር?"

"አዎ።"

"ብትጠይቀኝ ኖሮስ?"

"አላምንህም ነበር።"

ከዚያ በፀጉር ቤቱ ስለተቀበልኩት አፕ ነገርኩት፤ ላፕቶፑን እንደተጠራጠርኩ ጭምር። እስካሁን ክዳኑን ለምን ዝቅ እንዳደረገ አላውቅም።

"ሰው አንተን አያውቅህም" አለኝ። "የጫንኩላቸው እኔ ነኝ። ከገጠር እዚህ ድረስ የሚመጡት እኔን ብለው ነው። ሰኞ ና፤ እዚህ በር ላይ ትቀመጣለህ። አንተ ትነግራቸዋለህ።"

ካርቶን ላይ የሚኒባሱን ጨዋታ ያስጫነ ሁሉ ይግባ፣ በነጻ እናጠፋለን ብሎ ጻፈና ሰቀለው።

ሰኞ መጀመሪያ የመጡት ከዲምቱ ለገበያ የገቡ ሽማግሌ ነበሩ። ጨዋታውን የልጅ ልጆቻቸው ናቸው ያስጫኑት። በወላይትኛ ምን እንደተፈጠረ ነገርኳቸው። እጄን ዘረጋሁ፤ ስልካቸውን አልሰጡኝም።

"ማነው ያስገባው?"

"እኔ ነኝ፣ ሳላውቅ።"

"ሳታውቅ ካስገባህ፣ ማውጣቱን በምን አወቅህ?"

ስልኩን ራሳቸው ይዘው የት እንደሚጫኑ ብቻ እንድነግራቸው አደረጉ። እያንዳንዱን ነገር ከመንካታቸው በፊት ይህ ምንድነው ይሉኛል፤ እኔም እነግራቸዋለሁ። ጓደኛዬ ጀርባውን ሰጥቶ ይሰማል። ሲያልቅ ዘፈኖቻቸውን አንድ በአንድ እየከፈቱ መኖራቸውን አዩ።

ከዚያ በእኔ አጠገብ አልፈው ወደ ውስጥ ገቡና ስልኩን ለጓደኛዬ ሰጡት።

"እስቲ አንተ እየው። ጠፍቷል?"

ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው አየና "ጠፍቷል፣ አባባ" አላቸው። ስልካቸውን ኪሳቸው ከተው፣ እሱን ብቻ ተሰናብተው ወጡ።