«ገባችሁ?» ያልኩበት ምሽት

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ነበር። ልጄ ሥራ ስለነበራት «እማ፣ አንቺ ሂጂልኝ፤ የሚሉትን ሰምተሽ ትነግሪኛለሽ» ብላ ላከችኝ። ትምህርት ቤቱ ከሳንሱሲ ፌርማታ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። የልጆች ወንበር ላይ ተጣጥፈን ተቀመጥንና አንድ ፊቱ ደግ የሆነ ወጣት መምህር ስለ አዲሱ የማርክ አሰጣጥ አብራራልን። ሲጨርስ «ግልጽ ነው? ጥያቄ ያለው?» አለ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን፤ እኔማ ከሁሉም በላይ ነበር የነቀነቅኩት። የግቢው በር ላይ ስንደርስ አንዷ እናት ወደ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ «ምንድን ነው ግን ያለው?» አለቻት። ጎረቤቷ እኔን ጠየቀችኝ፤ እኔ ደግሞ ከኋላዬ የነበሩትን አዛውንት። ለካ አንዳችንም አልገባንም ነበር።

ተያይተን ሳቅን። ሰው በስተርጅና የሚያስታውሰውን አይመርጥም መሰለኝ፤ ስንት ደስ የሚል ነገር እያለ ያ የሰኔ ምሽት መጣብኝ።

ያን ጊዜ የጤና ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ኮሌጃችን ከአየር ጤና ብዙም አይርቅም። የሴቶቹ ዶርም ረጅም ባለ ቆርቆሮ ክዳን ሕንፃ ነው፤ ዝናብ ሲመታው አጠገብሽ ያለችውን ሰው እንኳ አትሰሚም። ነፋሱ በቆሻሻ መጣያው በቆሼ በኩል ሲነሳ መስኮት እንዘጋለን፣ ሲዞርልን እንከፍታለን። ከቤት የመጣ በሶ እንበጠብጣለን፤ የአንዷ ሲያልቅ የሌላዋ ይከፈታል። አብዛኞቻችን ሃያ ዓመት ያልሞላን ልጆች ነበርን፤ ከእኛ መሃል ትልቋ እታለም ነበረች።

ስሟ ጥሩነሽ ነው፤ በስሟ የሚጠራት ግን አስተማሪ ብቻ ነበር። ቤተሰቦቿ ከወላይታ መጥተው አየር ጤና ላይ ሱቅ ከከፈቱ ብዙ ዘመናቸው ነው። እናቷ ስትሞት ትምህርቷን ትታ ሱቅ ቆመች፣ ታናናሾቿን አስተማረች፤ የመጨረሻው ልጅ ሥራ ሲይዝ «አሁን ተራው የእኔ ነው» ብላ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ኮሌጅ ገባች። ዶርም ውስጥ የተጣላ ወደ እሷ ይመጣል። ትኩሳት የያዘው ወደ እሷ ይመጣል። ፍቅረኛዋ የተዋት ልጅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች፣ እታለም ጸጉሯን እየሠራች ታጽናናታለች። ከእሷ የሚያመልጥ ጣጣ አልነበረም፤ ወይም እኛ እንደዚያ ይመስለን ነበር።

አንድ እሑድ ከአባቷ ሱቅ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ዝናቡ መስኮቱን ያጥበዋል። እታለም በጭጋጉ ላይ በጣቷ እየጫረች «ኬሚስትሪውን ካላለፍኩ ያሰናብቱኛል» አለች።

«ማንን?» አልኳት።

«እኔን ነዋ! ዋርኒንግ ላይ ነኝ። ሰብሊ፣ ለማንም እንዳትተነፍሺ። አባቴ ደንበኛ በገባ ቁጥር ‹ልጄ ነርስ ልትሆን ነው› ነው የሚለው።»

ደነገጥኩ። ኬሚስትሪ ላይ ደህና ስለነበርኩ ሳላስበው «ታዲያ እኔ ላስረዳሽ» አልኳት። ሳቀች፤ ሳቋ ግን የልቧ አልነበረም። «ኧረ ባክሽ! ትናንት ቁጭ አድርጌ ጸጉርሽን የሠራሁልሽ ልጅ ዛሬ ልታስተምሪኝ?» ብላ ወዲያው «ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች። ወሬውም እዚያው ወረደ።

ከዚያ በኋላ ሰላም አጣሁ። ደግሜ ብጠይቃት ትቀየመኛለች። ዝም ብል ፈተናው እየመጣ ነው። ሌላ ሰው እንዳላማክር ቃል አስገብታኛለች። ማታ ማታ ከላይኛው አልጋ ሆኜ ደብተሯን ስትገልጥና መልሳ ስትዘጋ እሰማለሁ። በመጨረሻ አንድ መላ መጣልኝ። ለእሷ ብቻ ከሆነ እምቢ ትላለች፤ ለዶርሙ በሙሉ ከሆነስ? አንድ ምሽት፣ በነፃ፣ ለፈለገ ሁሉ። እሷም እንደ ማንኛዋም መጥታ ትሰማለች።

መጀመሪያ የዶርሙን ተቆጣጣሪ፣ እኛ ፕሮክተር የምንላቸውን እትዬ ዘነበችን ማስፈቀድ ነበረብኝ። በራቸው ላይ ቆሜ ነገርኳቸው። ከላይ እስከ ታች ካዩኝ በኋላ «ስብሰባ ከሆነ ከቢሮ ፈቃድ አምጪ» አሉኝ። «ጸሎት ከሆነ ክልክል ነው። ልደት ከሆነ ሙዚቃ የለም።»

«ጥናት ነው እትዬ።»

«በነፃ?»

«በነፃ።»

«ነፃ ነገር ደስ አይለኝም» አሉ። «እሺ፣ የቴሌቪዥን ክፍሉን ውሰጂ። ሻማ የሚባል ግን እንዳላይ! አምና ፍራሽ ተቃጥሎብኛል።»

ዶርሙም ከእትዬ ዘነበች የተሻለ አልነበረም። በሩ ላይ ማስታወቂያ ስለጥፍ አንዷ «የየትኛው ቸርች ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ሌላዋ ምርጫ ልወዳደር መስሏት ነበር። ከሁሉም የፈራሁት ግን ራሄልን ነው። ራሄል ከክፍላችን አንደኛ የምትወጣ ቀለሜ ናት፤ አፏ ደግሞ አያርፍም። እሷ አንዴ የሳቀችበት ነገር አለቀለት ማለት ነው። ማስታወቂያውን ጮክ ብላ አንብባ «ሰብሊ፣ ልትሾሚ ነው እንዴ?» አለችና አለፈች። ያን ቀን ወረቀቱን ልገነጥለው ሁለቴ ሄጃለሁ።

ሰው ጠርቶ በባዶ አፍ መሸኘት ነውር ስለሆነ ከግቢው በር ላይ የተቀቀለ ድንች ገዛሁ፤ የሚያቃጥለውን ማጥቀሻ፣ ዳጣውን፣ እታለም ከቤቷ ካመጣችው ማሰሮ ቀዳሁ። «ለምንድን ነው?» ስትለኝ «ለጥናቱ። ትመጫለሽ አይደል?» አልኳት፣ እንደ ዋዛ። «እስቲ እናያለን» አለችኝ። ሰው እስቲ እናያለን ካለ አይመጣም ማለት እንደሆነ ማን ያጣዋል።

ከእራት በኋላ ወንበሮቹን ደርድሬ ብቻዬን ቆምኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወግረዋል። ድንቹ እየቀዘቀዘ ነው። ማንም አልመጣም። ቀጥሎ ሁለት ልጆች መጡ፣ ድራማ ሊያዩ። ቴሌቪዥኑ መጥፋቱን አይተው ሊመለሱ ሲሉ ድንቹን አዩና ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ግን ተያይዘው፣ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ፣ ክፍሉን ሞሉት። ራሄልም መጣች፤ መስኮቱ ሥር እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠች። እታለም የለችም። ሠርግ ደግሶ ሙሽራዋን ያጣ ሰው እንዴት እንደሚሆን ያን ዕለት አወቅኩ።

ዝናቡ አባርቶ ትምህርቱን ከጀመርኩ በኋላ በሩ ተከፈተና ገባች። የያዘችው ግን ደብተር አይደለም፤ ኪሮሽና ክር ነው። «ብቻዬን ክፍል ውስጥ ምን አደርጋለሁ ብዬ ነው፤ ቀጥሉ ቀጥሉ» አለችና ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ደስታዬን ለመደበቅ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

ጻፍኩ። አጠፋሁ። ደግሜ ጻፍኩ። አንድ ነገር በጨረስኩ ቁጥር «ገባችሁ?» እላለሁ፤ «ገብቶናል!» ይሉኛል በአንድ ድምፅ። እኔም መምህሮቻችን ሁሉ የሚሉት እንደሱ ስለነበር ሌላ ማለት አላውቅበትም። እታለምም አንገቷን ሳታቀና ከሌሎቹ ጋር «ገብቶናል» አለች። ልብ ብዬ ሳያት ግን ያንኑ አንድ መስመር እየሠራች መልሳ ትፈታዋለች። ይህንኑ «ገብቶናል» ይዛ ፈተና ልትገባ ነው። ይህን ሁሉ ሰው ሰብስቤ የረዳኋት መደበቂያ እንድታገኝ ብቻ ነው ማለት ነው። «አልገባኝም የሚል አለ?» ብዬም ሞከርኩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማን ደፍሮ አልገባኝም ይላል?

ይህን እያሰብኩ መብራት ጠፋ።

«ኡ!» አለ ዶርሙ በሙሉ። በመስኮት ስናይ እስከ አየር ጤና ድረስ አንድ መብራት የለም። «ሻማ ያለው?» አለች አንዷ፤ «እትዬ ዘነበች ይሰቅሉሻል!» አለቻት ሌላዋ። ከኋላ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። በሩ ያለው በዚያ በኩል ነው። ሄደች አልኩ በልቤ። እንዳይበተኑብኝ ብቻ ብዬ «እንግዲህ ሰሌዳውም አይታይም» አልኩ ለጨለማው። «ጥያቄ ካላችሁ እንኳ...»

ከዚያ አንድ ድምፅ መጣ፣ ቀስ ብሎ።

«ሞል ግን... ራሱ ሞል የሚባለው ምንድን ነው?»

ይህ የመጀመሪያው ቀን ጥያቄ ነው። ዓመቱን ሙሉ በሞል ስናሰላ ከርመናል። ድምፁን ደግሞ የማያውቅ አልነበረም፤ ስንጣላ ያስታረቀን፣ ስናለቅስ ያባበለን ድምፅ ነው። ግን ማንም «እታለም» አላለም። ማንም አልሳቀም። ከወዲያ ጥግ ሌላ ድምፅ «እኔም እሱን ልጠይቅ ነበር» አለ። «እኔም» አለ ሌላው። የት ነበሩ እነዚህ ሁሉ?

«እንደ ደርዘን ነው» አልኩ። «ደርዘን ስንል አሥራ ሁለት ማለታችን ነው አይደል? ሞልም የቁጥር ስም ነው፤ ቁጥሩ በጣም ትልቅ ሆኖ ነው እንጂ።»

«ታዲያ ግራሙ ለምን ይለያያል?» አለ ያው ድምፅ። ከዚያ መልሴን ሳይጠብቅ «ቆይ፣ ቆይ። ደርዘን እስክሪብቶ በአንድ እጄ እይዛለሁ። ደርዘን ደብተር ግን ሸክም ነው። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ሚዛን ላይ ግን አይገናኝም። እንደሱ ነው?» አለ።

«እንደሱ ነው!» ብዬ ጮህኩ። እንባዬ መጣ፤ ጨለማ በመሆኑ አመሰገንኩ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው እንደ ጎርፍ ወረደ። በጨለማ ውስጥ አንዷ ትጠይቃለች፣ ሌላዋ ትመልሳለች፣ ሦስተኛዋ ታርማለች። እታለም ስትጠይቅ አሁን ድምፅዋ አይፈራም። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ መብራቱ ቦግ አለ። ሰፈሩ በሙሉ «መጣ!» ብሎ ጮኸ፤ እኛ ክፍል ግን ማንም አልጮኸም። እታለም አልሄደችም ነበር። ያ የሰማሁት ወንበሯን ወደ ፊት ስትጎትት ነው፤ ከፊቴ፣ ከሁሉም ፊት ተቀምጣለች። ኪሮሹ መሬት ወድቋል። አፏ ለጥያቄ እንደተከፈተ ቀረ። ፊቷ ቀላ። ክፍሉ ሁሉ የሚያይበት ጠፍቶት ወለሉን ያያል። በቃ፣ አጋለጥኳት አልኩ፤ ነገ ሻንጣዋን ይዛ ትሄዳለች።

መስኮቱ ሥር ራሄል ተነሳች። አንዲት ቃል፣ አንድ ሳቅ ይበቃ ነበር። ራሄል ግን ማንንም ሳታይ ወደ ግድግዳው ሄደችና መብራቱን አጠፋችው።

«እኔም የሞልን ነገር ሸምድጄው ነው እንጂ ገብቶኝ አያውቅም» አለች ከጨለማው። «ቀጥሉ።»

ቀጠልን። ኋላ እትዬ ዘነበች መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። «ኮልፌ በሙሉ በርቶ እናንተ ጋ ብቻ ምን ሆኖ ነው የጨለመው?» አሉ።

«አምፖሉ ነው እትዬ» አለች እታለም፣ ዋሽታ የማታውቀዋ። እትዬ ዘነበች ትንሽ አዳመጡን። «እንግዲያው በጊዜ ጨርሱ» ብለው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

እታለም ኬሚስትሪውን በሲ አለፈች። ውጤቱ የወጣ ቀን አንድ ደርዘን እስክሪብቶ አምጥታ አልጋዬ ላይ ወረወረችልኝ። «ሞል ላመጣልሽ ነበር» አለች፤ «የአባቴ ሱቅ አልበቃ አለኝ።» ያን ሁሉ ሰው የሰበሰብኩት ለእሷ መሆኑን አውቃ ይሁን አይሁን ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔም አልነገርኳት። በኋላ ነርስ ሆና ስትሠራ አንድ ቀን ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ለአንዲት እናት መድኃኒት አሰጣጥ ስታስረዳ «ገባሽ?» አላለቻትም። «እስቲ አሁን አንቺ ንገሪኝ» አለቻት።

ይህን ሁሉ ያሰብኩት ባለፈው ቅዳሜ፣ የትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ካልገባቸው ወላጆች መሃል ቆሜ ነው። «ኑ ተመልሰን እንጠይቀው» አልኳቸው። «ኧረ ምን ይለናል! ልጆቻችንም ያፍሩብናል» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም አፍሬያለሁ። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ናት፣ የሁላችንም ፊት ፍንትው ብሎ ይታያል። ተነስታ የምታጠፋልን ራሄል ደግሞ የለችም።

ብቻዬን ተመለስኩ። መምህሩ ወንበሮቹን እየሰበሰበ ነበር። «እናቴ፣ የረሱት ዕቃ አለ?» አለኝ።

«አልረሳሁም ልጄ» አልኩት። «አልገባኝም።»

ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ፤ ቀጥሎም ወንበር ሲጎተት።