የታጠበችው ግልገል

የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ስለ ሽታ ነበር። በግ፣ ፍየል፣ ላምና ዋልያ እርስ በርስ በጠረናቸው መልእክት ይላላካሉ፤ ይህ ጠረን ፌሮሞን ይባላል። ያንን መልእክት የሚቀበሉላቸው ጂኖች ከዘመን ዘመን እንዴት እንደተለወጡ ማየት ነበር ሥራዬ። አውራ በግ የሴቷን ሽንት አሽትቶ፣ ላይኛ ከንፈሩን ገልብጦ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ያላየ የደባርቅ ልጅ የለም። ያን ጊዜ የሚሠራው ከላንቃው በላይ የተደበቀ ትንሽ አካል ነው። በሚያመሰኩ እንስሳት ዘንድ ከእነዚህ ጂኖች አንዱ ወገን ጭራሽ ከሥራ ወጥቷል። ሌላው ወገን ግን ከበግ እስከ ላም ብዙም ሳይለወጥ ይገኛል። የእኛ የሰዎቹማ አብዛኛው ፈርሷል። ይህን ሁሉ ለአባቴ ሳስረዳው፣ "ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ ድረስ የሄድሽው? አውራውን ብትጠይቂው ይነግርሽ ነበር" አለኝ።

ጂኑ ከእናት ወደ ልጅ ሲያልፍ ለማየት ናሙና የምወስደው ከሁለቱም ነው። ለዚሁ ሥራ ከዳባት በላይ ባለች መንደር አንዲት ባልቴት ቤት ሄድኩ። ባላቸው የደብሩ መሪጌታ ነበሩ፤ ካረፉ ቆይተዋል። እማማ እላቸው ነበር። ያለቻቸው አንዲት በግ ናት። ሁለት ጊዜ ጨንግፋ በሦስተኛው በደህና ወለደች፤ ሴት ግልገል።

"እመቤቴ ሰጠችኝ። እንግዲህ ከዚችው ነው የምነሣው" አሉኝ፤ ፊታቸው ፈክቶ። ከዚያ እንስራቸውን አዝለው ወደ ምንጭ ወረዱ።

ግልገሏ ከተወለደች ሁለት ሰዓት አይሞላትም። እናቷ ትልሳታለች። የሥራ መመሪያችን ደግሞ ግልጽ ነው፤ የእናት ምራቅ የነካው ናሙና ይበላሻል፣ የልጅ ነው ያልነው የእናት ሆኖ ይገኛል። ናሙናው የሚቆረጥበትን ጆሮዋን ብቻ ብጠርግ ይበቃ ነበር። እኔ ግን ከመጠን በላይ ጠንቃቃ ነኝ። ታቅፌ ወደ ፀሐይ አወጣኋትና፣ መጀመሪያ በአልኮል፣ ቀጥሎ ሽቶ ባለው የሕፃን እርጥብ ሶፍት ከራስ እስከ ጥፍሯ ጠረግኳት። ከጆሮዋ ጫፍ ቅንጣት ቆርጬ ብልቃጥ ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ ነጭ፣ ንጹሕ አድርጌ ለእናቷ መለስኩላት።

እናቲቱ አሸተተቻት፤ ወዲያው በግንባሯ ገፋቻት። ግልገሏ ተንገዳግዳ ስትጠጋ ደግማ ገጨቻት። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ያኔ ነው። በግ ልጇን የምትለየው በወለደች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በያዘችው ሽታ ነው። ይህን ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። እርግጥ ለዚህ የሚያገለግለው በዋናነት ተራው ማሽተቻ እንጂ እኔ የማጠናው አይደለም ይባላል፤ ለግልገሏ ግን ልዩነት አልነበረውም። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት እኔ ነኝ።

እማማ ሲመለሱ ግን መናገር አቃተኝ። "እናቷ እንቢ አለቻት" ብቻ አልኳቸው።

እማማ ግልገሏን አንሥተው ደረታቸው ላይ ትንሽ ያዟት። ከዚያ ጨው ነሰነሱባት፤ የእናቲቱን ወተት ቀቧት፤ የእንግዴ ልጁ በወደቀበት ጭድ አሿት። የእናቲቱን አንገት በጉልበታቸው መሐል ይዘው ግልገሏ እንገሩን እንድትጠባ አደረጉ። እናቲቱን ሲለቋት ያው መግፋት ነው። እኔም ሌላውን ሥራ ትቼ እዚያው ሰነበትኩ። ዳባት ወርጄ ጡጦ ገዛሁ፤ የላም ወተት ሰጠናት፤ ተቅማጥ ያዛት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሞተች።

እማማ አላለቀሱም። ግልገሏን ከአጥሩ ማዶ ቀብሬ ስመለስ የበጊቱን አንገት በገመድ እያሰሩ አገኘኋቸው።

"ወዴት ነው፣ እማማ?"

"ዳባት፤ ገበያው ዛሬ አይደል። ልጇን የምትጥል በግ ምን ትሠራልኛለች? ለቢላ ትሁን።"

ዝም ብል ማንም አያውቅም። በጊቱ ግን በእኔ ጥፋት ልትታረድ ነው፤ እሳቸውም ባዶ በረት ይዘው ሊቀሩ ነው።

"እማማ፣ እሷ አላጠፋችም" አልኩ። "አንቱ ምንጭ ሲወርዱ ግልገሏን ያጠብኳት እኔ ነኝ። ሽታዋን ያጠፋሁባት እኔ ነኝ። አፍሬ ነው ያልነገርኩዎት።"

እማማ ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣም ድንጋጤም አልነበረም።

"ያ የሶፍትሽ ሽታ አፍንጫዬ ያልገባ መሰለሽ?" አሉኝ። "ያነሣኋት ጊዜ ነው ያወቅሁት። ይኸው ሦስት ቀን ሙሉ አንቺ እስክትነግሪኝ ስጠብቅ ነው፣ ልጄ።"

እማማ የገመዱን ጫፍ ለእኔ አቀበሉኝ።

"በይ፣ አንቺው ፍቻት።"