አሻራ የሌለው አናጢ

ሀና ማርያም፣ ጠዋት

ከቤት የወጣሁት ለአንድ ቁጥር ስል ነው። ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ያለ መዋዕለ ሕፃናት ትንንሽ ወንበሮች ሊያሠራኝ ፈልጓል። ዳይሬክተሯ ግን ቁርጡን ነግረውኛል፤ «የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ከሌለህ ውል የለም። እስከ ዓርብ ካላመጣህ ለሌላ እሰጠዋለሁ።» ዛሬ ሐሙስ ነው። እኔ ደግሞ ቸኩዬ እንጨቱን ቆርጬዋለሁ። በሕፃን ልክ የተቆረጠ የወንበር እግር ለሌላ ለምንም አይሆንም።

የታክሲው ረዳት «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ አራት ሰው ጫነ። መንገዱ ግማሹ ተቆፍሯል፤ አቧራው በመስኮት ይገባል። የቤት ኪራይ ውሌን፣ መታወቂያዬንና ፎቶዬን ደረቴ ላይ አቅፌ ተጓዝኩ።

ነፋስ ስልክ፣ የገቢዎች ቢሮ

ሰልፉ ከደረጃው አልፎ ግቢ ወርዷል። መስኮቱ ጋ ስደርስ ረፍዶ ነበር። ሠራተኛው ወረቀቶቼን አገላብጦ እንከን አጣባቸው፤ ደስ አለኝ።

«ጣትህን» አለኝ።

የአሻራ ማሽኑ መስታወት ላይ አውራ ጣቴን አስቀመጥኩ። ማሽኑ ጮኸ።

«ጫን አድርገው።»

ጫንኩት። ጮኸ።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«እንጨት። ወንበር እሠራለሁ።»

ጣቴን ይዞ ወደ ብርሃኑ አዞረው። «ወንድሜ፣ እዚህ ላይ እኮ ምንም የለም!»

እውነቱን ነው። ማለስለሻ ማሽን ስለሌለኝ ሁሉንም በብርጭቆ ወረቀት በእጄ ነው የምፍቀው። ለካ ከወንበሩ ጋር ጣቴንም ፍቄዋለሁ።

«ሳምንት ያህል ሥራ አቁምና ተመለስ።»

«ቀነ ገደቤ ነገ ነው።»

«እኔ ነኝ እንዴ የፋቅሁህ?»

ከሰልፉ ምክር ይዘንብ ጀመር። «በሳሙና ታጠብ!» ታጠብኩ። «ሎሚ እሸው!» ከጎን ካለው ምግብ ቤት ሎሚ ለምኜ አሸሁት። ማሽኑ ጮኸ። ከኋላዬ የቅመም ሱቅ ሊያስመዘግቡ የመጡ እትዬ ሙሉ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ትዕግሥታቸው አለቀ። ሻሻቸውን ገለጥ አድርገው አናታቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ። የተቀቡት ቅቤ ገና ያብረቀርቃል።

«በል እሸው።»

«እትዬ፣ እንዴት አድርጌ…»

«እሸው እንጂ! አንተ ስትግደረደር ለምሳ ቢዘጉብኝ፣ እኔም የማሸው አንገት አላጣም!»

በሰው ሁሉ ፊት የማላውቃቸውን ሴት አናት አሸሁ። ሰልፉ ሳቀ፤ ጆሮዬ ጋለ። ጣቴን መስታወቱ ላይ መልሼ አስቀመጥኩ። ማሽኑ ዝም አለ፤ ከዚያ አረንጓዴ በራ።

«ማሽኔን ቅቤ ቀባችሁት!» አለ ሠራተኛው በሶፍት እየጠረገ። ቢሆንም ቁጥሩን አትሞ ሰጠኝ። ልወጣ ስል ጠራኝ።

«ለንግድ ፈቃዱ ሰኞ ትመጣለህ። እሱም አሻራ አለው።»

መልስ

በለቡ በኩል ዞሬ ቁጥሩን አሳየሁ። ዳይሬክተሯ ፈረሙ። «የመጀመሪያዎቹ ለሰኞ ይድረሱ። ደግሞ በደንብ ይለስልሱ፤ ልጆቹን ስንጥር እንዳይወጋብኝ» አሉ።

ሲመሻሽ ቤቴ ገባሁ። ከዚህ ሁሉ ጉዞ የተማርኩት፣ ሠራተኛ መሆኔን የሚመሰክርልኝ ሥራ መፍታት ብቻ መሆኑን ነው። አውራ ጣቴን በጨርቅ ጠቀለልኩት። እሱን ለመንግሥት አስቀምጬ በቀሩት ጣቶቼ መፋቅ ጀመርኩ።