እርጥብ ነው ያልኩት ምንጣፍ

መኪና ማጠብ እወዳለሁ። ሰው ኳስ ይወዳል፣ ሰው ካርታ ይወዳል፤ እኔ ባልዲ፣ ጨርቅና ቀለሙ የደበዘዘ ላሜራ ካገኘሁ ምሳም አያምረኝ። ባለቤቴ ድሮ «ሁለት ሚስት ነው ያለህ፤ አንዷ ደጅ ታድራለች» እያለች ታሾፍብኝ ነበር። አሁን አታሾፍም። ለምን እንደተወችው ነው የምጽፈው፤ ብጽፈው ይቀለኛል ብዬ እንጂ የሚያኮራ ነገር ኖሮት አይደለም።

ጅቡቲ ውስጥ መኪና የሚያስረጀው መንገዱ አይደለም፣ ጨውና ፀሐዩ ነው። ያኔ የነበረችኝ ጥቁር ሰማያዊ፣ ከኋላዋ ሰፋ ያለ ዕቃ መጫኛ ያላት መኪና ናት። እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ በአጎቴ ልጅ የጨርቅ ሱቅ ስሠራ ጣቃውን የማመላልሰው በእሷ ነበር። ስምንት ዓመት ፀሐይ ላይ ስትውል የኮፈኑና የጣሪያው ቀለም ዱቄት የተነፋበት መሰለ። ይኼ የሚታየው ነው። የማይታየውን ያየሁት አንድ ቀን ዝናብ ጥሎ፣ ባሕሩም ሞልቶ መንገዱን ሲያጥለቀልቀው በውስጡ ነድቼ ቤት ስገባ ነው። ጫማዬ ረጥቧል። በሾፌሩ እግር ሥር ያለውን ምንጣፍ ገልጬ ወለሉን በጣቴ ብጫነው ጣቴ በስቶት ወጣ። በቀዳዳው መሬቱ ይታያል።

ለአንድ በያጅ አሳየሁ። ከሥሯ ገብቶ በመዶሻ መታ መታ አደረገና የዛገውን ብናኝ ከፊቱ እየጠረገ ወጣ። «ወንድሜ፣ ይቺን አንድ ላይ የያዛት ልማድ ነው» አለኝ። «ብየዳ የሚይዝበት ደህና ብረት የላትም። ብቻህን ሆነህ ቀስ እያልክ ንዳት፤ ዕቃ ግን እንዳትጭንባት፤ ጭነቱን የሚሸከመው የኋላ ባሌስትራ ወለሉን ሰብሮ ይገባል።»

ቸግሮኝ ቢሆን ዛሬ ትንሽ ሰበብ ይኖረኝ ነበር። አልቸገረኝም። ነገሩን ያመጣው የሚስቴ ወንድም ነው፤ ጫት ላይ ተቀምጠን «ያቺን በነፃ እንኳ የሚወስዳት አታገኝም» አለኝና ሰው ሁሉ ሳቀ። እልህ ያዘኝ። አቦ፣ ለእኔ ነው እንዲህ የሚባለው? አዲስ አስመስዬ ካልሸጥኳት ከምላሴ ፀጉር ይነቀል አልኩት።

ሁለት አርብ ፈጀብኝ። ቀዳዳው የወሰደብኝ ግማሽ ቀን ብቻ ነው። የወተት ቆርቆሮ ቀጥቅጬ ዘረጋሁበት፣ በሬንጅ ለጠፍኩት፣ ጥቁር ቀለም ቀባሁትና ምንጣፉን መለስኩ። የቀረው ጊዜ ሁሉ የሄደው ለማብረቅረቅ ነው። ፀሐይ ሳይከር ተነስቼ በሳሙና አጠብኳት። የቧንቧችን ውሃ ጨው ስላለበት ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል፤ ስለዚህ ለመጠጥ በገዛነው ውሃ ነው ያለቀለቅኳት። ከዚያ ጥላ ሥር አስገባኋትና የሞተውን ቀለም የሚያነሳውን ቅባት በጨርቅ እየያዝኩ፣ ክብ ክብ እያዞርኩ፣ ስንዝር በስንዝር ፈተግኋት። ጨርቁ ሰማያዊ ሆነ። ደብዛዛው ተልጦ ከሥሩ ያ የድሮው ቀለም ብቅ ሲል፣ ወላሂ፣ ልቤ ይዘል ነበር። ቢጫ የሆኑትን የፊት መብራቶች በጥርስ ሳሙና አሸኋቸው። መጨረሻ ላይ ሰም ቀብቼ ስወለውላት ሽቦ ላይ የተሰጣው ልብሳችን ሳይቀር ኮፈኑ ላይ ይታይ ጀመር። ላዩ እንዲህ ሆነ። ውስጡን ለቄስ ይባላል፤ እኔ ደግሞ ሙስሊም ነኝ፣ ቄስም የለኝም።

ቆርቆሮውን ስለጥፍ ባለቤቴ ውሃ ይዛልኝ መጥታ አይታ ነበር። «ለሚገዛው ሰው ታሳየዋለህ አይደል?» አለችኝ።

«እንዴታ» አልኳት።

ገዢዋ የመጣችው ደግሞ በእሷው በኩል ነው። ካርቲየ 4 ገበያ የተዋወቀቻት የወሎ ሴት ናት፤ ሆዳን ሰፈር ውስጥ አንድ ቤተሰብ ዘንድ እየኖረች አሥራ ሁለት ዓመት በቤት ሠራተኝነት አገልግላለች። ከደመወዟ ገንዘብ አጠራቅማለች፤ ታናሽ ወንድሟም መንጃ ፈቃዱን ይዞ ከአገር መጥቶላታል። ሐሳቧ፣ ከኢትዮጵያ የሚገባውን ሽንኩርትና ቲማቲም ከከተማ ወጣ ብሎ ፔካ 12 በሚባለው ማቆሚያ ከከባድ መኪኖቹ እየተቀበለ ወደ ገበያ እንዲያመላልስ ነው። ይኼን ሁሉ በአፏ ነግራኛለች። ሽንኩርት ሊጫንባት እንደሆነ አልሰማሁም ብል እዋሻለሁ።

የዕረፍት ቀኗ አርብ ነበርና አርብ መጣች። እኔ ገና በሩን እየወለወልኩ ነው። ትንሽ ቆማ አየችኝና «ጋሼ፣ ሌላ ጨርቅ አለህ?» ብላ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከወዲያኛው በር ጀመረች። ሥራዋ ነውና ከእኔ ትበልጣለች። መስታወቱን በጋዜጣ ጨርሰው ብላ አሳየችኝ፤ እውነትም ጠራ። አብረን እየሳቅን ነው የጨረስናት። በመጨረሻ በሩ ላይ ፊቷን አየችና ሻሿን አስተካከለች።

ከዚያ ትፈትሻት ጀመር። አንድ ጣቷን ቀስራ በመስኮቱ ጎማ ሥር፣ በበሩ ጠርዝ፣ በወንበሮቹ መሐል እያሳለፈች ጣቷን ታያለች። ንጹሕ ነው። እያየኋት መሆኑን ስታውቅ አፈር አለች። «እመቤቲቱ እኔን የምትፈትሸኝ እንዲህ ነው» አለች። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በሥራዋ ላይ ሲፈለግ የኖረው አቧራ ነው፤ እሷም አቧራ ፈለገች። ዝገት ፈልጊ ያላት ሰው የለም።

ወደ ሾፌሩ በኩል ዞራ ጎንበስ አለችና የምንጣፉን ጫፍ ያዘች።

«እህቴ፣ ተይው፤ አሁን ነው ያጠብኩት፣ ገና እርጥብ ነው» አልኳት። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ምንጣፉ ሁለት ሳምንት ውሃ አልነካውም። እሷ ግን ቶሎ ለቀቀችው። «ይቅርታ ጋሼ፣ ላበላሽብህ ነበር» አለችኝ፤ ይቅርታ የጠየቀችኝ እሷ ናት። ቀጥላም «ላዩን እንዲህ የያዘ ሰው ውስጡንማ እንዴት ይይዘው» አለች። የዚያኑ ዕለት ከወንድሟ ጋር ተመልሳ ወሰደቻት። ልጁ መሪውን ሲይዝ ከደስታው ብዛት ጥርሱን መክደን አልቻለም።

ባለቤቴ ማታ እራት ስታቀርብ «አሳየሃት?» አለችኝ።

«ፈትሻ ነው የወሰደችው።»

ትንሽ አየችኝና ወደ ማጀት ገባች። ማሾፏን የተወችው ያን ቀን ነው።

ሦስት ወር ቢሆን ነው፣ የሚስቴ ወንድም ጫት ላይ ወሬ አመጣ። በፔካ 12 መንገድ አንዲት ሰማያዊ መኪና ሽንኩርት እንደጫነች ከወገቧ ተቆርጣ መሬት ላይ ተቀምጣለች አሉ። «ያንተዋ ትመስላለች» ብሎ ሳቀ። ሰው ተጎዳ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ማንም አልተጎዳም። አልሐምዱሊላህ አልኩና ጫቴን መቀንጠስ ቀጠልኩ። ከዚያ ወዲህ በካርቲየ 4 ገበያ በኩል ማለፍ ተውኩ፤ ሽንኩርት ከሩቅ መግዛት ጀመርን፤ ባለቤቴም ለምን ብላ አልጠየቀችኝም።

አራት ዓመት እንዲህ ተሸሸግኩ። አንድ ቀን ግን ከአንድ ዓሣ ቤት ስወጣ ከሴትየዋ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። የማመልጥበት አልነበረም። ስድቧን እየጠበቅኩ አንገቴን ደፋሁ። እሷ እጄን በሁለት እጇ ያዘች።

«ጋሼ፣ ያቺን መኪና ወንድሜ ፈጃት እኮ» አለችኝ። «ከመጠን በላይ ጭኖ ሰበራት። "ጥሩ መኪና ነበር የገዛሽልኝ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት" አለኝ በገዛ አፉ። አንተ እንደ ልጅ ገላ ስታጥባት በዓይኔ አይቻለሁ። አሥራ ሁለት ዓመቴን ነው የሰበረብኝ።» መኪናዋ ከተሰበረችበት ቀን ጀምሮ ከወንድሟ ጋር አይነጋገሩም።

«እህቴ፣ መኪናዋ እኮ ከመጀመሪያውም…» አልኩ።

«አውቃለሁ፣ አንተንም ያሳዝንሃል» ብላ አቋረጠችኝ። ማቋረጧን ሰበብ አድርጌ ዝም አልኩ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይላሉ፤ እኔ መለከክ እንኳ አላስፈለገኝም፣ ልጁ ራሱ ተቀብሎታል። ለምን እንደተቀበለው ግን አልገባኝም።

ከዚያ የባሰውን አመጣች። እናታቸው አገር ቤት ታማለች፤ ሳልሞት ታረቁልኝ ትላለች። «ቀድሜ እኔ አልሄድም፤ ጥፋተኛው እሱ ነው» አለች። «አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ መኪናዋንም ታውቃታለህ። ሽማግሌ ሁነን። ይቅርታ ጠይቃት በለው።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሺ አልኩ።

ልጁን ፔካ 12 ጎሚስታ ሆኖ አገኘሁት፤ የከባድ መኪና ጎማ ሥር ተንበርክኮ ብሎን ይፈታል። ቀና ብሎ እኔን ሳይሆን አዲሷን መኪናዬን ነው መጀመሪያ ያየው። እንደ ልማዴ አብረቅርቄያታለሁ።

«ቆንጆ ይዘሃታል» አለ።

የመጣሁበትን ተንተባትቤ ነገርኩት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ አዳመጠኝና፣ ሳይጮህ፣ «ምንጣፉን ያነሳሁት በሁለተኛው ሳምንት ነው» አለኝ። «ቆርቆሮህን አየሁት። የወተቱ ስም እንኳ ከሥሩ ይነበባል።»

«ለምን አልመጣህብኝም?»

«ልመጣ ነበር። ከመጣሁ ግን እሷ ትሰማለች።» ጨርቁን አጣጠፈ። «ጋሼ፣ "እኔ ራሴ መርጬ፣ በጣቴ ፈትሼ ነው የገዛሁት" እያለች ላገኘችው ሁሉ ታወራ ነበር። የሰው ቤት ስትጠርግ የኖረች ሴት በሕይወቷ ያደረገችው ትልቁ ነገር እሱ ነው። ተታለልሽ ልበላት? ራሷን ነው የምትበላው። እኔን ብትጠላኝ ይሻላል፤ የወንድም ጥል ያልፋል ብዬ ነው። ትንሽ ትንሽ እየጫንኩ አዲስ እስክንገዛ ላደርሳት ነበር፤ አልደረሰችም።»

እኔ እነግራታለሁ፣ ዛሬውኑ እነግራታለሁ አልኩት። እዚህ ላይ ነው የተቆጣው። «አሁን? አራት ዓመት እኔን ስትረግም ኖራ፣ በከንቱ ነው የረገምሽው ልትላት? ለአንተ ይቀልልሃል፤ እሷ ምን ትሁን? ተወው። ይቅርታውን እኔ እጠይቃለሁ።»

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት፤ እርጥብ ነው ያልኩትንም ጭምር። ሰምታኝ ስታበቃ «አንተስ ይቅርታ የምትጠይቀው መቼ ነው?» አለች።

በሚቀጥለው አርብ ሁለቱም ቤቴ መጡ። እኔ እንደ ወጉ ከፍ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ልጁ ገና ሲገባ እህቱ እግር ላይ ወደቀ። ፊቷን አዞረች። ሽማግሌው እኔ ነኝና መናገር ነበረብኝ፤ «ለእናታችሁ ስትይ ይቅር በይው፤ ልጅ ነው፣ አጥፍቷል» አልኩ። አጥፍቷል ያልኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ አፌ። ያኔ ጎንበስ ብላ ከመሬት አነሳችው፤ ተቃቅፈው አለቀሱ። ከዚያ ሁለቱም አስታራቂውን ሊያመሰግኑ ዞሩ። እሷ «ጋሼ፣ እንዳስታረቅኸን ከቤትህ ሰላም አይጥፋ» ብላ መረቀችኝ። ልጁ ጎንበስ ሲል ትከሻውን ልይዘው ሞከርኩ፣ አልደረስኩበትም፤ ጉልበቴን ሳመ። እንደሳመም፣ እሷ እንዳትሰማ ቀስ ብሎ «አደራ» አለኝ።

ፊታቸውን ላለማየት ወደ ማጀት ዞሬ «ሻይ አምጪልን እንጂ» ብዬ ተጣራሁ። በመጋረጃው ሥር የባለቤቴ እግር ይታየኛል፤ እዚያው ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ደግሜ ጠራኋት። አልወጣችም።